አብራሪው ይቅርታ ጠየቀን፤ መንገድ ዘጊዎቹስ?

ደመናን የሚከስ ሰው ሞኝ ነው። እኔም ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ደመና ልከስ አይደለም።

ጊዜው ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። ከሰዓት በኋላ ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር የተሳፈርኩበት አውሮፕላን ጣና ላይ ደርሶ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረ። ከታች ዝናብና ጭጋግ እንጂ መሬት የሚባል ነገር አይታይም። አብራሪው በድምፅ ማጉያ፣ መጀመሪያ በአማርኛ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ፣ ለምን ማረፍ እንዳልቻልን፣ ምን ያህል ደቂቃ እንደምንጠብቅ፣ ካልጠራ ደግሞ ወዴት እንደምንሄድ ነገረን። አልጠራም። ተመለስን። ቦሌ ስናርፍም «ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «እሱ ምን ያድርግ! ነፍሳችንን አተረፈ፤ ደግ አደረገ» አሉ። እኔም አሜን ብዬ ወረድኩ። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው በማግስቱ፣ መሬት ላይ ነው። ሰማይ ላይ ለጥቂት ሰዓት ስጉላላ ሦስት ጊዜ ምክንያት የተነገረኝ ሰውዬ፣ ምድር ላይ አንድ ቀን ሙሉ ስጉላላ አንድም ጊዜ «በዚህ ምክንያት ነው» የሚለኝ አላገኘሁም። ለምን? ይቺን «ለምን» ይዤ ነው የመጣሁት።

የምሄደው ለቀብር ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ማንኩሳ ላይ አርፋ መርዶው የደረሰኝ የዚያኑ ዕለት ጧት ነው። «እታለም» ነበር የምላት። ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ነው ያስተማረችኝ። ዘመዶቼ በስልክ «ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እናቆይልሃለን፤ ከዚያ በላይ ግን አይሆንም» አሉኝ። እኔ ደሞዝ የለኝም፤ በጻፍኩት ልክ የምከፈል ጋዜጠኛ ነኝ። የቲኬቱን ገንዘብ ከሁለት ጓደኞቼ ተበድሬ ነው የከፈልኩት።

ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። አውሮፕላን አያርፍባትም። የማንኩሳ ሰው በአውሮፕላን አገሩ ሲገባ ጎጃምን በሰማይ አልፎ ባሕር ዳር ይወርድና በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በኮሶበር፣ በቲሊሊ፣ በቡሬ አድርጎ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ታዲያ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በመኪና ለምን አልሄድክም?» የሚለኝ አንባቢ ካለ፣ እሱ ጎጃም ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው መሆን አለበት። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ድሮ ጧት አዲስ አበባ ቁርስ የቀመሰ ሰው ማታ እራቱን ከእናቱ ጋር የሚበላባት መንገድ ነበረች። ዛሬ ኑዛዜ ተጽፎ የሚወጣባት ሆናለች። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ስንበር የኖርን፣ በአየር መንገዳችን አፍሪካን የምናስቀና ሕዝቦች ከአዲስ አበባ ጎጃም በመኪና መግባት አቃተን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይቺ ናት።

ተራራም ምክንያቱን ይናገራል

ነገሩን ሰፋ አድርገን እንየው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በገዛ አገራችን፣ አፋር ውስጥ፣ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንንና ኦማንን አልፎ ሕንድ ድረስ ሄደ። የሕንድ አየር መንገዶች በረራዎችን ሰረዙ። ለመንገደኞቻቸውም «ኢትዮጵያ ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነው» ብለው ተናገሩ። ልብ በሉ! አፋር በረሃ ውስጥ የተነሳ አመድ ዴልሂ ላይ መንገደኛ ሲያስቀር፣ የዴልሂው መንገደኛ የተራራውን ስም ሳይቀር ሰማ።

በ2002 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የአይስላንድ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት በዘጋበት ጊዜም እንዲሁ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎች ቀሩ። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ደንብ ነበረ። ደንቡ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በረራው የቀረው በእግዚአብሔር ቁጣ ቢሆንም እንኳ፣ ኩባንያው ካሣ ባይከፍልም፣ መንገደኛውን ማብላትና ማሳደር ግዴታው ነው። መንገደኛ ሜዳ ላይ አይጣልም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ደንብና ወግ ሰማይ ለሰማይ ለሚሄደው ነው። መሬት ለመሬት ለሚሄደው የእኛ ሰውስ ምን ደንብ ወጣለት? ኑ፣ ላሳያችሁ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት

ለማግስቱ በረራ ቦታ ይገኝ አይገኝ፣ ሰማዩ ይጥራ አይጥራ አይታወቅም። «የመጣው ይምጣ፣ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» ብዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። የድሮውን የመናኸሪያ ጧት የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ። «ማርቆስ! ማርቆስ! ባሕር ዳር በቀጥታ!» የሚለው ጩኸት፣ የሻዩ ጭስ፣ የጆንያው ግፊያ… ያን ዕለት ግን ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ረዳቱ ዕቃ ከመጫኑ በፊት ምን አለን መሰላችሁ? «ስልካችሁ ላይ የማይሆን ፎቶና ቪዲዮ ያለባችሁ አሁኑኑ አጥፉ፤ ኋላ በኔ እንዳታመካኙ።» ሁሉም ስልኩን አውጥቶ መደምሰስ ጀመረ። የሠርግ ፎቶ የሚያጠፋ ጎረምሳ አየሁ። ሚዜው የለበሰው ጃኬት የወታደር ይመስላል ብሎ ፈርቶ ነው። እኔም የጋዜጠኛ መታወቂያዬን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩ። ጎበዝ፣ ይህ ጦር ሜዳ አይደለም። አዲስ አበባ ነው!

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከሆስፒታል የሚመለሱ ናቸው። የልጃቸውን መድኃኒት በፌስታል ቋጥረው ጡታቸው ሥር ይዘውታል። ከፊታችን ያለው የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ ነው። «በየኬላው የምከፍለውን ደምሬ በርበሬው ላይ ስጨምረው እናንተ ዋጋ ናረ ብላችሁ ትሰድቡኛላችሁ» እያለ ይስቃል። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም።

ፍቼን አልፈን ወደ ገርበ ጉራቻ ስንቃረብ አውቶቡሱ ዝም አለ። ሾፌሩ ቴፑን አጠፋ። እናትዬው መቁጠሪያቸውን አወጡ። ማን ያልሰማ አለ? ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደየቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች በዚያ አካባቢ በታጣቂዎች ተይዘው ከ100 በላይ ሰዎች ታግተዋል። ወላጅ ከብቱን ሸጦ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለምኖ የልጁን ዋጋ እንዲከፍል ተጠየቀ። ተማሪ ቤቱ ሲመለስ ዋጋ የሚወጣለት በየትኛው አገር ነው? ያ ሁሉ ሲሆን መንገዱን እንዲጠብቅ ደሞዝ የሚከፈለው አካል ወጥቶ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» ሲል የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። አብራሪው ስለ ዝናብ ይቅርታ ጠይቋል!

እግዚአብሔር ይመስገን አለፍን። ጎሃ ጽዮንን ጨርሰን ዓባይን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ወጣን። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ደብረ ማርቆስ ገባን። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ጨረስን ማለት ነው። የቀረኝ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። «ቀብሩ ላይ እደርሳለሁ» ብዬ ፊቴን ታጠብኩ።

ከከተማው መውጫ ላይ ቆምን።

«ከዚህ አያልፍም።»

«ለምን?» አለ ሾፌሩ።

«ታዟል።»

«ማነው ያዘዘው ጌታዬ? ተሳፋሪ ይዣለሁ…»

«አያልፍም ተባልክ፤ አያልፍም!»

እናትዬው ወርደው የመድኃኒቱን ፌስታል ከፍ አድርገው አሳዩት። «ልጄ፣ ያንተ ወንድም ነው የታመመው…» አሉት። ወጣት ነው። አንገቱን ደፍቶ «እናቴ፣ እኔም ታዝዤ ነው። ምክንያቱን አልነገሩኝም» አላቸው። እሱን አልፈርድበትም። ለእሱም አልተነገረውም!

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። «አበቃን» አሉኝ። እታለምን የቀበርኳት ደብረ ማርቆስ፣ አልጋ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ለአልጋው ማን ከፈለ? እኔ። ለእናትዬውስ? ተሳፋሪው ተዋጥቶ። የአውቶቡሱ ትርፍ ሒሳብስ? ቀረ። የአውሮፓው ደንብ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

አገር በሁለት ቃላት ስትገዛ

ማታ ምግብ ቤቱ ውስጥ አንዱ «ወደ ደምበጫ በኩል ተኩስ አለ ይባላል» አለ። ሌላው «የለም፣ ታጣቂዎቹ ናቸው መኪና እንዳይንቀሳቀስ ያሉት ይባላል» አለ። ሦስተኛው «ባለሥልጣን ሊያልፍ ነው ይባላል» አለ። ሁሉም ይባላል። የሚል ግን የለም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ የምንተዳደረው በሁለት ቃላት ነው። አንዱ «ታዟል» ነው፤ ሌላው «ይባላል» ነው። ከላይ የሚመጣው «ታዟል» ነው፤ ማን እንዳዘዘ አይታወቅም። ከታች የሚዞረው «ይባላል» ነው፤ ማን እንዳለ አይታወቅም። በሁለቱ መካከል ሰው ይሞታል፤ ቀብርም ይቀራል።

የሕግ ያለህ ብንልስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወር ነፃነት አለው ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተራዘመ፤ ዘመኑም በ2016 ዓ.ም. አበቃ። ጥያቄዬ ቀላል ናት። አዋጁ ካበቃ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ መውጫ ላይ ያቆመኝ የትኛው አንቀጽ ነው? አዋጁ በወረቀት አብቅቶ በመንገድ ላይ ያላበቃ ከሆነ እንደዚያ ብላችሁ ንገሩን። እኛም አውቀን እንቀመጥ።

ላም አለኝ በሰማይ

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይመጣል። መንግሥታችን ሰላምን የሚለካው በአውሮፕላን ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በክልሉ ግጭቱ ሲነሳ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔቱም ተዘጋ። ከጥቂት ቀናት በኋላ «ከተሞቹ ነፃ ወጡ» የሚለው ዜና ሲነገረን፣ «በረራ ይጀመራል» የሚለው አብሮ መጣ። በረራውም ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር ቀጠለ። እሰየው! አውሮፕላኑ ከበረረ ሰላም ነው ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ ከሰማይ ጥቃት ወረደ። ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሰው ለውጭ ዜና ወኪል ተናገረ። የመንገደኛው አውሮፕላን በባሕር ዳር ሰማይ ላይ መብረር በጀመረ በቀናት ውስጥ ማለት ነው። እንግዲህ የትኛውን እንመን? የትኛውን ሰማይ?

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መራዊ ላይ የሆነውንም እናውቃለን። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን ገልጿል። መራዊ የት ናት? ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ወደ ማንኩሳ የሚሄድ ሰው የሚያልፍባት ከተማ ናት። በረራው አልተቋረጠም ተብሎ የሚፎከርበት መንገድ ቀጣይ እሷ ናት። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በድምቀት ተመረቀ። ያማረ ድልድይ ነው፤ አልዋሽም። ሲመረቅ ግን ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። ድልድይ የሚሠራው ሰው እንዲሻገርበት መስሎኝ?

አማራ ክልል ብቻም አይደለም። መቀሌ ለ18 ወራት ያህል በረራ ተቋርጦባት ኖራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ሲያርፍ፣ እናትና ልጅ ማረፊያው ላይ መሬት እየሳሙ ሲላቀሱ አይተን አብረን አልቅሰናል። ያ ዕለት ትልቅ ዕለት ነው። ግን ደግሞ እንጠይቅ፦ ከማረፊያው ወጥቶ ወደየገጠሩ የሚሄደው ሰውስ ያን ቀን ቤቱ ገባ? የበረራ ዜና ጥሩ ዜና ነው። የሰላም ዜና ግን አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

አውሮፕላን ለምን መለኪያ እንደሆነ አውቃለሁ። ካሜራ ያለበት ቦሌ ነው። እንግዳ የሚያርፈው ቦሌ ነው። በከተማ የምንኖር፣ ተበድረንም ቢሆን ቲኬት የምንገዛ ሰዎች አፋችን የሚዘጋው በረራ እስካለ ድረስ ነው። እኔ ራሴ ዝናብ ባይመልሰኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ እጽፈው ነበር? አልጽፈውም ነበር። ይኸው ተናዘዝኩ።

በሰላም መንገድ ላይ

በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አንድ ሚኒባስ እስከ ፍኖተ ሰላም እንደሚሄድ ሰማን። ትናንት የተከለከለው ዛሬ ለምን እንደተፈቀደ የጠየቀ የለም። ከጠየቅክ ይከለከላል! አማኑኤልን፣ ደምበጫን አለፍን። ጅጋ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። የነሐሴ ጧት ነው። በቆሎው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ጤዛው ያበራል። አገሩስ አገር ነው!

ፍኖተ ሰላም ላይ «ከዚህ ወዲያ መኪና የለም» ተባለ። ምክንያት? ይባላል፣ ይባላል፣ ይባላል። በእግሬ ነካሁት። ሆስፒታል ሚስታቸውን አስታመው የሚመለሱ ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኘሁና አብረን ሄድን።

«ከወዴት መጣህ ልጄ?»

«ከአዲስ አበባ፣ አባባ።» የሆነውን ሁሉ አጫወትኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ሄዱና «አውሮፕላኑ ለምን እንደተመለሰ ነገሯችሁ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። ደመና ነው ብለው ነገሩን። ይቅርታም ጠየቁን።»

«እንዲያ ነው ደግ! እኛንም እንዲያ የሚለን ባገኘን።» ዱላቸውን ወደ ላይ ቀስረው ሰማዩን አሳዩኝ። «እኛ ዘንድ ከዚያ ላይ ድምፅ ሲሰማ ልጆቹን ጠርተን ዛፍ ሥር እናስገባለን። ያንተ አውሮፕላን ይሁን ያኛው በምን እናውቃለን?»

መልስ አልነበረኝም። እኔ ጎጃምን በሰማይ ሳልፍ በመስኮት እያየሁ «አገሬ ታምራለች» እላለሁ። ከታች ያለው ዘመዴ ያን ጊዜ ልጁን ይዞ ይሮጣል። አንድ ሰማይ ነው፤ ሁለት ሕዝብ።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ገብተው፣ በጎጃም በኩል አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የደረሱት በዚሁ አገር በኩል ነው። ጣሊያን ያን ጊዜ ቡሬም ማንኩሳም ላይ ምሽግ ነበረው። አርበኛው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆኖ አስለቀቀው። ያ መንገድ የተከፈተው በደም ነው። የከፈቱት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ «ከዚህ አያልፍም» ይባላሉ።

ማንኩሳን ያላያት ኢትዮጵያዊ እንኳ በስም ያውቃታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። ያን የማንኩሳ ልጅ ለሞት ያበቃው ማነው? በአዲስ አበባና በጎጃም መካከል መንገድ ላይ ያገኙት ሽፍቶች ናቸው። እኛ መጽሐፉን ስናነብ «ያ የድሮ ዘመን፣ የጨለማ ዘመን» እያልን ነው የምናለቅሰው። ምነው ታዲያ የበዛብህ መንገድ ዛሬም ያው ሆነ? በዛብህ ቢያንስ የሽፍታውን ፊት አይቷል። እኛ ያቆመንን አናውቀውም።

መልሳቸውን አውቀዋለሁ

አሁን ይህን ያነበበ ካድሬ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «መንገዱን የሚዘጋው ታጣቂው ነው፤ እኛ ለሕዝቡ ደህንነት ነው የምናስቆመው» ይላል። ይሁን። ታጣቂው መንገድ ሲዘጋ አላየሁም አልልም። በትግል ስም የገበሬ ማዳበሪያ የሚያስቀር፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪ የሚያወርድ ሁሉ ማንኛውም ስም ይሰጠው፣ ለእኔ መንገድ ዘጊ ነው። ለሕዝብ እታገላለሁ የሚል፣ ሕዝቡ ሬሳውን እንዳይቀብር መንገድ የሚዘጋበት ምን ምክንያት አለው? እሱም ወጥቶ ይንገረን። እሱም «ታዟል» ነው የሚለው።

ነገር ግን ግብር የምከፍለው ለታጣቂው አይደለም። ሕገ መንግሥት ላይ የማለልኝ ታጣቂው አይደለም። በቴሌቪዥን «ሰላም ሰፍኗል» የሚለኝም እሱ አይደለም። ሰላም ከሰፈነ መንገዱን ክፈቱ። ካልሰፈነ ሰፍኗል አትበሉ። ከሁለት አንዱን ምረጡ!

ሌላው ደግሞ «ወታደራዊ ምስጢር ነው፤ ምክንያት አይነገርም» ይላል። ማን የጦር ዕቅድ ጠየቀ? አብራሪው የሞተሩን አሠራር አላስተማረንም። «ዝናብ ነው፣ ይህን ያህል እንጠብቃለን፣ ካልሆነ እንመለሳለን» ነው ያለው። ሦስት ዐረፍተ ነገር። ሦስት ዐረፍተ ነገር ለሕዝብ መንገር የሚያቅተው አስተዳደር ምን ሊያስተዳድር ነው የተቀመጠው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም

አንደኛ፣ መንገድ ሲዘጋ የዘጋው አካል በስሙ ይናገር። የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለምን። በሬዲዮ ይነገር፤ በየመናኸሪያው ይለጠፍ። ሰው ዓባይን ተሻግሮ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከቤቱ ሳይወጣ ይወቅ።

ሁለተኛ፣ መሃል መንገድ ላይ የቀረ የአውቶቡስ ተሳፋሪ የበላበትና ያደረበት ጉዳይ ባለቤት ይኑረው። ታማሚ፣ እርጉዝና አስከሬን የያዘ መኪና የሚያልፍበት ሥርዓት ይበጅ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰው መሆንን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛ፣ በገርበ ጉራቻ የታገቱት ጉዳይ፣ የፍኖተ ሰላሙ የነሐሴ 7 ጥቃት፣ የመራዊው ግድያ በገለልተኛ አካል ተጣርተው ጥፋተኛው ፍርድ ቤት ይቅረብ። ውጤቱም በአደባባይ ይነገር። ያልተጠየቀ ጥፋት ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

አራተኛ፣ ሰላምን በአውሮፕላን መለካት ይቅር። መለኪያው ይቺ ናት፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውቶቡስ፣ ፎቶ ሳያስጠፋ፣ እጅ መንሻ ሳይከፍል፣ ማታ ማንኩሳ ይገባል ወይስ አይገባም? ከገባ ሰላም ነው። እኔው ራሴ በዚሁ ጋዜጣ ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ። ካልገባ ግን ቦሌ ላይ መቶ አውሮፕላን ቢነሳ ሰላም የለም።

ማንኩሳ የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። ለቅሶ ቤቱ ገና ሰው አልተበተነም። አልቅሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ደረስኩላት። አንዷ ጎረቤት ክንዴን ይዛ «አይዞህ፣ እስከ መጨረሻው መንገድ መንገዱን ታይ ነበር» አለችኝ።

እታለም መንገዱን አይታ አይታ ሄደች። በዚህ ሰዓት መንገድ መንገዱን የሚያይ እናትና አባት በየቤቱ ስንት አለ? ይህን ጋዜጣ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ላይ ቆመህ የምታነበው ወንድሜ፣ ያንተም አለች። ቲኬት ስለገዛህ ብቻ ዝም አትበል። ደመና የመጣ ዕለት አንተም መንገዱን ትፈልገዋለህ።

መንገደኛውን ሁሉ ቸር ያግባው።